ለእኛ ያልራራው አባቴ ለልጆቼ አብዝቶ ራራ

«አባቴ 74 ዓመታቸው ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ከረሜላ እየገዙ፣ ቴሌቪዥን እስከ እኩለ ሌሊት እያስከፈቱ ልጆቼን አበላሹብኝ። እኔ አንዴ ከተናገርሁ አይደገምም፤ እሳቸው ግን ‹ተዪያቸው፣ ልጆች አይደሉ እንዴ?› ይላሉ። እኛን በአለንጋ ነው ያሳደጉን። ምን ላድርግ?»

ውድ ጠያቂያችን፣ ስለ ከረሜላው ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ አለንጋው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ። እኔን ያስጨነቀችኝ እርሷ ናት። የሚያንገበግብዎት የአባትዎ ማባበል ብቻ አይመስለኝም፤ በልጅነትዎ ሲናፍቁት የቀረው ርኅራኄ ዛሬ ለሌላ መድረሱ ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1890 የሰው ጠባይ ከሠላሳ ዓመት ዕድሜ በኋላ እንደ ጀሶ ይደርቃል ብሎ ጽፎ ነበር። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ብሬንት ሮበርትስና ባልደረቦቹ ግን እ.ኤ.አ. በ2006 92 የሰዎች ቡድኖችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶችን መርምረው ጠባይ እስከ እርጅና እንደሚለወጥ አሳዩ። ኃላፊነትን መሸከምና ስሜትን መግዛት በተለይ ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ጊዜ ያድጋሉ፤ ለሌላው መራራት ደግሞ ዘግየት ብሎ። ይህ አማካይ ነው፤ እያረጀ የሚከፋም አለ።

እንግዲህ ሐዘኑ እዚህ ላይ ነው። ወላጅ ልጅ የሚያሳድገው ገና ራሱ ሳይበስል፣ የቤት ኪራይና የሥራ ጭንቀት ሲያዋክበው ነው። ሲረጋጋ ልጆቹ አድገው ወጥተዋል፤ ልስላሴው ለልጅ ልጅ ይደርሳል። አባትዎ እያስመሰሉ አይመስለኝም። የዛሬው ደግነታቸው ግን ያንን አለንጋ አይሰርዘውም፤ ማዘንዎ ተገቢ ነው።

ሆኖም «አንዴ ከተናገርሁ አይደገምም» የሚለው የማን አነጋገር ነው? ልጆችዎ የሚያድጉት በዛሬዋ እናታቸው እጅ ነው፤ እርስዎ አያት ሆነው እስኪለሰልሱ ሊጠብቁ አይችሉም። በዚህ ረገድ፣ ቅር አይበልዎትና፣ ከአባትዎ ጎን እቆማለሁ።

የመኝታ ሰዓት መወሰን የእርስዎ ድርሻ ነው፤ ልጆቹ በሌሉበት ለአባትዎ ይንገሯቸው። ስለ ድሮው ማንሳት ከፈለጉ ምናልባት ከክስ ይልቅ የተሰማዎትን መናገሩ ይሻል ይሆናል፤ ይቅርታ ላይመጣ እንደሚችል ግን አስቀድመው ይወቁ። የአባትዎ ለውጥ በጥቂት ወራት ውስጥ በድንገት የመጣ፣ መርሳት ወይም ያልተለመደ ድርጊት የታከለበት ከሆነ ሐኪም ይያቸው። የልጅነቱን ቁስል ግን በአንድ ደብዳቤ አልጨርሰውም፤ ለጥቂት ጊዜ ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው ቢነጋገሩበት እመርጣለሁ።