ያልተሳካውን ሙከራ ይዛችሁ ቶሎ ኑ

ውድ ልጆቼ፣

በናኖ ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ዲግሪያችሁን የምትማሩና ከአማካሪ ጋር የላቦራቶሪ ምርምራችሁን ልትጀምሩ የተዘጋጃችሁ ወጣቶች፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ደሴ ላይ ሆኜ ነው። ኬሚስትሪ ሳስተምርና የመመረቂያ ሥራዎችን ሳማክር የሸበትሁ ሰው ነኝ። በእጄ ካለፉት ተማሪዎች መካከል ጊዜያቸውን በከንቱ የጨረሱት አብዛኞቹ ዕውቀት ያነሳቸው አልነበሩም፤ አልሳካ ያላቸውን ነገር ከእኔ የደበቁ ነበሩ። ልነግራችሁ የተነሣሁትም ይህንኑ ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ ትጉህ ተማሪ ነበረኝ። የብር ናኖ ቅንጣቶችን፣ ማለት በዓይን የማይታዩ እጅግ ደቃቅ የብር ቅንጣቶችን፣ በሶዲየም ሲትሬት ለመሥራት ተነሣ። አሠራሩ ሲነበብ ቀላል ነው፤ የብር ናይትሬት በተጣራ ውሃ ይሟሟል፣ እስኪፈላ ድረስ ይሞቃል፣ ሲትሬቱ ይጨመራል፣ ብሩም ቀስ በቀስ ከጨውነት ወደ ብረትነት ሲመለስ ውሃው ቢጫ ይሆናል። ቢጫው የሚታየው በቅንጣቶቹ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች የሞገድ ርዝመቱ 400 ናኖ ሜትር አካባቢ የሆነውን ብርሃን ስለሚውጡ ነው። ተማሪዬ ግን ጽሑፉ ባለው ደቂቃ ቀለሙ አልመጣለትም፤ ሲመጣም አንድ ቀን ጥሩ ቢጫ፣ ሌላ ቀን ነጣ ያለ ድፍርስ ይሆንበታል። በተገናኘን ቁጥር «ደህና እየሄደልኝ ነው» ይለኛል። ሦስት ወር እንዲህ አለፈ።

አንድ ቀን ሳልጠራ ገባሁ። የማሞቂያው መደወያ 100 ላይ ቆሟል፤ ብርጭቆው ውስጥ ግን ቴርሞሜትር የለም። አምጥተን ስንነክር 92 አነበበ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፤ ከዚያ በኋላ እሳቱን ብታበዙበት ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። የሐረጎን ተራራ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ላይ ብትሠሩት እንኳ 94 ገደማ ነው። የተከተለው ጽሑፍ የተጻፈው በዝቅተኛ ቦታ ባለ ላቦራቶሪ ነበርና፣ በእኛ ከተማ ሙቀቱ ሲቀንስ ሥራው ዘገምተኛ መሆኑ የሚጠበቅ ነው። ደጋ ላይ ባቄላ ለመብሰል ጊዜ እንደሚፈጅ የሚያውቁት እናቱ ላቦራቶሪ ገብተው ቢሆን ኖሮ ነገሩን በአንድ ቀን ይደርሱበት ነበር ብዬ አሳቅሁት። ድፍርሱ ደግሞ ሌላ ምክንያት ነበረው። የተጣራ ውሃ ሲያልቅበት ዕቃውን በቧንቧ ውሃ ብቻ አለቅልቆ ይሠራበት ኖሯል፤ በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎራይድ ከብሩ ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል።

ሦስት ወር የፈጀው ችግር በአንድ ከሰዓት በኋላ ተፈታ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በልጁ ላይ አልጥልም። በዚያን ዘመን ቁጡ ነበርሁ፤ የተበላሸ ውጤት ይዞ የመጣን ተማሪ በጓደኞቹ ፊት የምገሥጽ ሰው ነበርሁ። እንዲህ ዓይነት አማካሪ ሊገጥማችሁ ይችላል። ቢገጥማችሁም የሚሻለው ቁጣውን በመጀመሪያው ሳምንት መቀበል ነው፤ በአራተኛው ወር የሚመጣው ቁጣ ይብሳል፤ የቀራችሁም ጊዜ ያንሳል።

እኔም ብሆን ደብቄ አውቃለሁ። ተማሪ ሳለሁ ዚንክ ኦክሳይድን ከከሰል ዱቄት ጋር አዋሕጄ፣ ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ማቅለሚያ በፀሐይ ብርሃን እንዲያፈርስ ሞከርሁ። የማቅለሚያው መጠን የሚለካው 664 ናኖ ሜትር ላይ በሚውጠው ብርሃን ነው፤ የእኔም የልኬት መስመር በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ታች ወረደ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ውጤቱን ለአማካሪዬ ሳሳያቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በጨለማስ ምን ያህል ወረደ?» በጨለማ አልለካሁም ነበር። ማታ ብቻዬን ተመልሼ ስለካው አብዛኛው ማቅለሚያ ብርሃን ሳይነካው ከውሃው ጠፋ፤ ከሰሉ በላዩ ላይ ለጥፎት እንጂ አንዳች የፈረሰ ነገር አልነበረም። ይህን ሳልናገር ሁለት ሳምንት ቆየሁ፤ እንቅልፍም አልነበረኝም።

በመጨረሻ ስነግራቸው አልተቆጡም። ሦስት ብርጭቆ አስቀረቡኝ፤ አንዱ ዱቄቱን ይዞ በጨለማ፣ አንዱ ያለ ዱቄት በፀሐይ፣ አንዱ ዱቄቱን ይዞ በፀሐይ። ሜቲሊን ብሉ ራሱ በፀሐይ ትንሽ ስለሚደበዝዝ ሁለተኛው ብርጭቆ ትርፍ እንዳይመስላችሁ። በጨለማ የሚቆይበትንም ጊዜ ሰው 30 ደቂቃ ስለጻፈ ብቻ 30 አትበሉ፤ መውረዱ እስኪያቆም ድረስ እየለካችሁ ራሳችሁ ወስኑ። የእኔ ውጤት በዚህ ከተጣራ በኋላ አነስተኛ ሆነ፤ የቆመውም እርሱ ነው። ዛሬ ፈታኝ ሆኜ ስቀመጥ ተማሪውን አስቀድሜ የምጠይቀው ያንኑ የአማካሪዬን ጥያቄ ነው፤ መልስ የሚያጣው ሰው ግን ዛሬም አልጠፋም።

ርዕስን በተመለከተ፣ ከዚህ አካባቢ ያላችሁት ብዙዎቻችሁ ፕሮፖዛላችሁን በቦርከና ወንዝ እንደምትጀምሩት አውቃለሁ። ወንዙ በደሴና በኮምቦልቻ በኩል ስለሚያልፍ፣ ስለ ፋብሪካ ፍሳሽ ማሰባችሁ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ከጥጥ ጨርቅ ማቅለሚያ የሚወጣ ውሃ እናንተ በተጣራ ውሃ ውስጥ የምታሟሙትን አንድ ማቅለሚያ አይመስልም። ጨው አለበት፣ ሶዳ አለበት፣ የክር ማጠንከሪያ ስታርች ሊኖርበት ይችላል። ጨው የበዛበት ውሃ ብዙዎቹን ናኖ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው አጣብቆ ያዘቅጣቸዋል፤ ዚንክ ኦክሳይድ ደግሞ በአሲድም ሆነ በጣም አልካላይን በሆነ ውሃ ይሟሟል። ስለዚህ ከአማካሪያችሁ ጋር ሥራውን ጠበብ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ በተጣራ ውሃ የሠራውን በኋላ በትንሽ በትንሹ ጨው እየጨመራችሁ ፈትኑት፤ ወደ እውነተኛው ፍሳሽ የምትሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። «የቦርከናን ውሃ አጣራለሁ» ብሎ የጀመረ የሁለተኛ ዲግሪ ሥራ ሲያልቅ አላየሁም።

ናሙናችሁን ለኤክስሬይ ዲፍራክሽን (የክሪስታልን አደረጃጀት በኤክስሬይ ለሚመረምረው ልኬት) ወይም ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ወደ ሌላ ከተማ መላክ ቢኖርባችሁ፣ ግማሹን ምንጊዜም አስቀሩ። ዕቃው ላይ የምትጽፉት ቁጥር በደብተራችሁ ካለው ጋር አንድ ይሁን፤ «ናሙና አንድ» የሚል ጽሑፍ ከወራት በኋላ ለራሳችሁም ምስጢር ነው። ውጤቱ ሲመጣም የሼረርን ቀመር በጥንቃቄ ተጠቀሙበት። ሼረር እ.ኤ.አ. በ1918 ያወጣው ይህ ቀመር የሚነግራችሁ የክሪስታሉን መጠን ነው፤ አንድ ቅንጣት ብዙ ክሪስታሎችን ሊይዝ ስለሚችል የቅንጣቱ መጠን ነው ብላችሁ አትጻፉ።

ደረቅ ናኖ ዱቄትን ከጭስ መሳቢያ (አየሩን ወደ ውጭ ከሚስበው የላቦራቶሪ ሳጥን) ውጭ አትክፈቱ፤ ሳንባ ውስጥ ይገባል። የብር ናይትሬት የነካው ጣትም ለቀናት ይጠቁራል፤ ጓንት አድርጉ።

ደብተራችሁን በእስክሪብቶ ጻፉ፤ የተሳሳታችሁትንም አንድ መስመር ብቻ አሳልፉበት እንጂ አትቅደዱት። መብራት የጠፋበትን ሰዓት ሳይቀር መዝግቡ፤ በ500 ዲግሪ ለሦስት ሰዓት በምድጃ ይተኮሳል ያላችሁት ዱቄት ሌሊት መብራት ሄዶ አንድ ሰዓት ብቻ ተተኩሶ ሊያድር ይችላልና። በየሳምንቱ መጨረሻም ገጾቹን በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ከላቦራቶሪው ውጭ አስቀምጡ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የሁለት ዓመት ሥራውን በአንድ መሳቢያ የቆለፈ ሰው ምን ያህል እንደሚጨነቅ አይቻለሁ። መሣሪያ በገንዘብ ይተካል፤ የጠፋ ልኬት ግን እንደገና ካልተለካ አይመለስም።

ከአማካሪያችሁ ጋር በሳምንት አንድ የተወሰነ ቀን ይኑራችሁ። በሥራ ተወጥረው ባታገኟቸው አንድ ገጽ ጽፋችሁ ጠረጴዛቸው ላይ ተዉላቸው፤ ምን እንደሞከራችሁ፣ ምን እንደጠበቃችሁ፣ በእርግጥ ምን እንዳያችሁ ብቻ ይበቃል። እኔ እንዲህ ያለ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ባገኘሁ ጊዜ፣ በተለይ «አልሠራልኝም» ብሎ የሚጀምር ከሆነ፣ የቀረውን ደብዳቤ ሁሉ ወደ ጎን ትቼ እርሱን አነብባለሁ።