ጀልባ ይሮጣል እንዴ?

ስለ እንግሊዝኛ ቃላት የቸገራችሁ ነገር ካለ ላኩልኝ ብዬ ነበር። የመጡትን ጥያቄዎች ሳገላብጥ አብዛኞቹ በአንድ ቃል ዙሪያ ሆነው አገኘኋቸው፤ «ራን»። ሁላችንም ትምህርት ቤት «ራን ማለት ሮጠ» ተብለን ነው የወጣነው። ጉዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ እሱን ይዘን እንዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከባሕር ዳር ዘጌ ሰው በጀልባ አመላልሳለሁ። አንድ ፈረንጅ ወደ ጀልባዬ እየጠቆመ «ዳዝ ዚስ ቦት ራን ኦን ሰንደይ?» አለኝ። እኔም «ኖ፣ ጀልባ አይሮጥም፣ ይንሳፈፋል» አልኩት። ሳቅ ብሎ ሄደ። እሁድ ሳየው በሌላ ሰው ጀልባ ተሳፍሯል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ አንተ ምንም አላጠፋህም፤ ጥፋቱ አንዱን ትርጉም ብቻ ነግሮህ የሄደው ሰው ነው። ፈረንጁ የጠየቀህ «እሁድም ትሠራለህ ወይ?» ብሎ ነው። አውቶቡስም ሆነ ባቡር ወይም ጀልባ በሰዓቱ እየተነሳ የሚመላለስ ከሆነ «ራን» ያደርጋል። እኛ «እሁድ ጀልባ አለ?» ብለን እንገላገለዋለን።

ለወደፊቱ እንዲህ አድርግ። «ራን» ሲባል ስትሰማ ቶሎ ወደ እግር አትሂድ። መጀመሪያ ባለቤቱን እይ። ባለቤቱ ሞተር ከሆነ ይሠራል ማለት ነው። ገመዱን ስበህ ካስነሳኸው በኋላ የመጨረሻውን ተሳፋሪ ስትጠብቅ፣ ያ ጭሱን ውሃው ላይ እየለቀቀ የሚንደቀደቀው ሞተርህ «ራን» እያደረገ ነው። ጀልባዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። ባለቤቱ ወንዝ ከሆነ ይፈሳል። ዓባይ ከጣና ወጥቶ በድልድዩ ሥር ሲያልፍ «ራን» ያደርጋል፤ ሱዳን ገብቶ ካርቱም እስኪደርስም እንደዚያው። ባለቤቱ መንገድ ሲሆን ደግሞ ይዘልቃል ማለት ነው። ከባሕር ዳር ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ከተኛበት ሳይነሳ «ራን» ያደርጋል፤ እኔ ይሄኛው ሁሌም ይገርመኛል። ባለቤቱ አፍንጫ ከሆነ ግን ትርጉሙን ተወውና መሐረብ አቀብል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። «ራን» በጠቅላላው ስንት ትርጉም አለው? ሁሉንም ልሸምድድ?

መልስ፦ እንዳትሞክሪው። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትሙ በ1989 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ በትርጉም ብዛት አንደኛ የነበረው «ሴት» የሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ነበር። (ሴት ወንድ የምንለውን አይደለም፤ ማስቀመጥ፣ ማዘጋጀት የሚለውን ነው።) 430 ያህል ፍቺ ነበረው። በኋላ አዘጋጆቹ ቃላቱን እንደገና ሲመረምሩ «ራን» ቀደመው። በግሥነቱ ብቻ 645 ፍቺ ተቆጠረለት። በቀን አንድ ብትይዢ እንኳ ወደ ሁለት ዓመት ይፈጅብሻል፤ ፈተናው ደግሞ አይጠብቅሽም።

እንዲህ የበዛው ቃሉ አጭርና የቆየ ስለሆነ ነው። አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ያንኑ ያውሱታል። ፋብሪካ ሲመጣ ማሽኑ «ራን» አደረገ። ኮምፒውተር ሲመጣ ፕሮግራሙ «ራን» አደረገ። ሱቅ ወይም ሆቴል ያለው ሰውም «ራን» ያደርገዋል፤ እኛ ያስተዳድራል የምንለው ነው።

አንቺ ጉልበትሽን ከኋላው ለሚከተሉት ትንንሽ ቃላት አውይው። ለምሳሌ «ራን አውት ኦፍ»። አንድ ጊዜ ከዘጌ ስንመለስ ከሰዓት በኋላ ሆኖ ነፋሱ ሐይቁን ማናወጥ ጀምሯል። መሀል ላይ ሞተሩ ሁለቴ ሳል አደረገና ጸጥ አለ። ባለጀልባው ጀሪካኑን አንስቶ ነቀነቀው። ድምፅ የለም። ክዳኑን ከፍቶ በአንድ ዓይኑ ወደ ውስጥ አየና «አለቀብን» አለ። «ራን አውት ኦፍ» ማለት እሱ ነው። እነሱ ሦስት ቃል የሚደረድሩበትን እኛ «ብን» ብለን ጨረስነው። ነገሩ የደረሰብን እኛ ላይ መሆኑም እዚያው ውስጥ አለ። (ሌላ ጀልባ ጎትቶ አወጣን፣ አታስቢ።)

ጥያቄ፦ ለአለቃዬ «የስተርደይ አይ ራን ኦቨር ዩር ብራዘር» ብዬ በስልክ ጻፍኩላት። ደቂቃ ሳይሞላ ደወለች፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ ወንድሟን ገበያ አካባቢ ድንገት አገኘሁት ለማለት ነበር።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመኪና ሄድኩበት ነው ያልካት። የፈለግከው «ራን ኢንቱ» ነበር። እሱም ቢሆን ጠንቀቅ ይፈልጋል። ሰው ከሆነ ያገኘኸው መገናኘት ነው፤ ባጃጅህ ግንብ ላይ «ራን ኢንቱ» ካደረገ ግን ተጋጭቷል። ለአለቃህ ይቅርታ በአማርኛ ጻፍላት።

ጥያቄ፦ ለምርጫ መወዳደር «ራን» ነው «ስታንድ»?

መልስ፦ አሜሪካ ከሆንክ ትሮጣለህ፣ እንግሊዝ ከሆንክ ትቆማለህ። ሁለቱም ወንበሩን ነው የሚፈልጉት።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። የልጅ ልጄ «የእንግሊዝኛ አንድ ግሥ የማይሆነው ነገር የለም፤ አማርኛ ግን ደሃ ነው» እያለ ያናድደኛል። ምን ልበለው?

መልስ፦ አባቴ፣ አይናደዱ። «ያዘ» የሚለውን ብቻ ይዘው ይግጠሙት። እስቲ የአንድ ቀን ውሎዎን ይንገሩት። ከቤት ወጡ፣ ዝናብ ያዘዎት። ባጃጅ ያዙ። ባንክ ደርሰው ወረፋ ያዙ። እዚያ ያገኙት ወዳጅዎ ወሬ ያዘና አላስለቅቅ አለዎት። ሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጁ ቆሮሶ ይዟል። ባለፈው ክረምት የተከሉት ችግኝ ይዟል። ማታ ጉንፋን ያዘዎት። የልጅ ልጅዎ መጽሐፍ ይዞ ተቀመጠ፤ ትምህርቱ አልያዘውም፣ እንቅልፍ ግን ወዲያው ያዘው። ይህን ሲነግሩት ቂም እንዳይዝብዎት ብቻ።

«ሮጠ» ራሱ መች ከእግር ጋር ብቻ ቀረ? «ሩጫ ላይ ነኝ» የሚለን ሰው ቢሮው ቁጭ ብሎ ሊሆን ይችላል። ወገቡን ይዞ ከወንበሩ የማይነሳም ጉዳይ ያሯሩጥልናል። እገሌ ሩጫውን ጨረሰ ከተባለ ደግሞ ነጠላ ማዘቅዘቅ ነው። በእኔ ሚዛን ግን ከ«ያዘ»ም ከ«ሮጠ»ም የሚበልጠው «ወጣ» ነው። እሱን ሌላ ቀን እንቆጥረዋለን፤ ዛሬ ከጀመርን አንወጣም።

ጥያቄ፦ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ጠዋት በማለዳ አንድ እንግዳ ፊቱ ገርጥቶ መጣና «አይ ሃቭ ዘ ራንስ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ካርታ አወጣሁና በሐይቁ ዳር ያለውን የእግር መንገድ አሳየሁት፤ ጠዋት ጠዋት ብዙ ሰው ይሮጥበታል ብዬ። ሳልጨርስ ጥሎኝ ወደ ኋላ ሮጠ። ምን ብዬው ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰውየው ተቅማጥ ይዞታል። «ዘ ራንስ» ማለት እሱ ነው። የፈለገው መጸዳጃ ቤትና በውሃ የሚበጠበጥ ኦአርኤስ ነበር። ካርታውን ግን አትጣይው፤ ከሁለት ቀን በኋላ ሲሻለው ይጠይቅሽ ይሆናል።