ብሔር ወይስ ቢሄር?

ጥያቄ፦ የተከበሩ መምህር፣ በቅርቡ ከአያቴ ጋር ሆነን አንድ ቅጽ ስንሞላ «ብሔር» የሚለው ላይ ስንደርስ «ጎንደር ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ጸሐፊዋ ሳቀች። አያቴ ተሳስተዋል? ደግሞስ በሬዲዮ አንዱ «ብሔር»፣ ሌላው «ቢሄር» ይላል፤ ትክክሉ የትኛው ነው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ አያትህ በግእዙ ከሄድን አልተሳሳቱም። ብሔር በግእዝ አገር፣ ምድር፣ ስፍራ ማለት ነው። የጥንት ሊቃውንት ከስማቸው ቀጥለው «ዘብሔረ እገሌ» ብለው ሲጽፉ የወጡበትን አገር መናገራቸው ነበር። እኛም በልጅነታችን ዳዊት ስንደግም «ብሔረ ሕያዋን» የምንለው የሕያዋንን ምድር እንጂ የሕያዋንን ዘር አልነበረም። እግዚአብሔር የሚለው ስምም እግዚእ እና ብሔር ናቸው፤ የዓለም ጌታ።

ይህ ትርጉም ዛሬም አልሞተም፤ «ብሔራዊ» በሚለው ቃል ውስጥ ይኖራል። በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ብሔራዊ ባንክ የመላው አገር ባንክ ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ሲጫወት «የየትኛው ብሔር ቡድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ቃሉን ከመሬቱ ወደ ሕዝቡ ያዞረው ፖለቲካው ነው። በ1960ዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከማርክስና ከሌኒን ትምህርት ጋር «የብሔረሰቦችን ጥያቄ» አነሡ፤ ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. ያወጣው ጽሑፍ በዚሁ ላይ ነበር። ደርግ በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. ያወጀውን ፕሮግራም ደግሞ ተመልከት፦ ርዕሱ «ብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት» ይላል፣ ውስጡ ስለ ብሔረሰቦች መብት ይናገራል። ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ሰነድ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የተጣላም የለም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የሕዝቡ ትርጉም ሕግ ሆነ። ተማሪዎቼ «ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ በምን ይለያያሉ?» ብለው ሲያፋጥጡኝ አንቀጽ 39ን አስነብባቸው ነበር፤ ሦስቱንም በአንድ ፍቺ ጠቅልሏቸዋል፤ ስለዚህ ልዩነቱን ከእኔ አትጠብቅ።

ቅጹ የሚጠይቀው እንግዲህ በዚህ በአዲሱ ትርጉም ነው። አያትህ የመለሱት በአሮጌው ነው። ጎንደርን «የትውልድ ቦታ» በሚለው መስመር ላይ ጻፍላቸው፣ ጸሐፊዋም ሳቋን ትተው።

ወደ አነባበቡ እንምጣ። «ቢሄር» ስሕተት ነው። ብ ሳድስ ናት፤ ከንፈር ገጥሞ እንደተላቀቀ ወዲያው ወደ ሔ ማለፍ ነው። ኅዳር 29 ሲከበር አንዳንዱ የመድረክ መሪ ድምፅ ማጉያውን ይዞ «ቢ» ላይ ሲንጠላጠል ስሰማ ጥርሴ ይፋጫል። እግዚአብሔር ስንል ግን ያቺው ብ አናባቢዋን አጥታ ከፊቷ ባለው አ ላይ ትዘጋለች፤ «እግዚአብ» ብለን «ሔር» እንላለን። ሔን በተመለከተ ከጉሮሮህ ካላወጣኋት ብለህ አትጨነቅ፤ በአማርኛ አፍ ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ ከሆነ ቆይቷል። ስትጽፍ ግን በሐመሩ ሐ ጻፋት። የግእዙ ብዙ ቁጥር «በሓውርት» ነው፤ በሃሌታው ሀ የለመደ ሰው መዝገበ ቃላት ሲገልጥ ይህን ዘመዷን ፈልጎ አያገኘውም።