ዓባይ በረሃን ስትወርዱ፦ መንገድ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆች

ልጆቼ፣ የጎጃምን መንገድ በካርታ ብቻ የምታውቁት ከሆነ አንድ ቀን ውጡና እዩት። ሱሉልታን፣ ጫንጮን፣ ፍቼን፣ ገብረ ጉራቻን እስክታልፉ እንቅልፍ ቢወስዳችሁ አልፈርድባችሁም። ጎሐ ጽዮን ላይ ግን መሬቱ ድንገት ያልቃል። ከዚያ እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዱና ያንኑ መልሳችሁ ትወጣላችሁ። ጆሮ ይደፈናል፣ ሹራብ ይወልቃል፣ ፍሬን ይሸታል።

መኪና የሚሄድበትን መንገድ በዚህ ገደል ያወረደው ጣሊያን ነው። ብዙም አልተጠቀመበትም። ጃንሆይ በ1933 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ተነስተው በዚሁ በረሃ ተሻግረው፣ በፍቼ አድርገው፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። በ1943 አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የጥገና ታሪክ ነው።

አዲሱን ድልድይ ሁሉም ሰው ፎቶ ያነሳዋል። 303 ሜትር ነው፣ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2001 ዓ.ም. ዋዜማ ተመረቀ። ያምራል። ግን ዓባይ በረሃ ላይ ያስቸገረን ወንዙ አይደለም፣ ዳገቱ ነው። ከላይ ጥቁር ድንጋይ አለ። ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጄሶና ውሃ ሲነካው የሚልም ድንጋይ ይመጣል። በዚያ ሁሉ ላይ ደግሞ ከላይ የተንከባለለ አፈርና ቋጥኝ ተቆልሏል። መንገዱ ብዙ ቦታ ላይ ያረፈው በዚህ ቁልል ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ቁልሉ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይንሸራተታል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ፣ ሰኔ ላይ፣ አስፋልቱ ላይ ስንጥቅ አየሁ። ጣት አያስገባም። ቅርጹ ግን እንደ ማጭድ የታጠፈ ነበር፣ ሁለቱም ጫፎቹ ወደ ገደሉ ያያሉ። ፎርማኑን «ሬንጅ አፍስስበት» አልኩት። ፍየል የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ቆመው ያዩን ነበር። «ጌታው፣ ከላይ ያለው ምንጭ እኮ ዘንድሮ ጠፍቷል» አሉኝ። እሺ ብዬ መኪና ውስጥ ገባሁ። ምንጭና አስፋልትን ምን አገናኛቸው?

ነሐሴ ላይ ግማሹ መንገድ ጉልበት ድረስ ሰመጠ። ጤፍ የጫኑ መኪኖች እስከ ላይኛው ጥምዝ ተሰልፈው አደሩ። እኔም አብሬ አደርኩ፣ ሹፌሮቹ ያሉኝን ባልጽፈው ይሻላል። ሲነጋ ወደ ታች ወርጄ የድጋፍ ግንቡን አየሁት። የጠፋው ምንጭ በግንቡ ሥር ኩልል ብሎ ይወጣል። ከላይ ያለው ቦይ በናዳ አፈር ተደፍኖ ነበር፤ ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ውስጥ ገባ። በሁለት ሰው የግማሽ ቀን ቁፋሮ የሚከፈት ቦይ ነበር።

እናንተ ዛሬ ድሮንም ሳተላይትም አላችሁ፣ ተጠቀሙበት። ግን ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ጃንጥላ ይዛችሁ ከመንገዱ በላይ በእግር ውጡ። ውሃው የት እንደሚገባ በዓይናችሁ እዩ። ከብት ጠባቂ ካገኛችሁ ስለ መንገዱ አትጠይቁት፣ ስለ ምንጩ ጠይቁት።

እኔ ከዚያ ክረምት በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከመኪናዬ ዶማ አልጠፋም። ሹፌሩ «ኢንጂነር፣ እርሻ ሊጀምሩ ነው?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።