ዌይቱን አትንካው፣ መጀመሪያ ርቀቱን አርመው

ሰላም ወንድሜ። ጎንደር ላይ በቶታል ስቴሽን (ርቀትና ማዕዘን በሚለካው ማሽን) የለካኸውን ኔትወርክ (የተሳሰሩ ነጥቦች) በሌስት ስኩዌር (ልኬቶቹን በሚያስታርቀው ስሌት) ስታስተካክል ሬዚድዋሉ (በየልኬቱ ላይ የሚቀረው ልዩነት) ጥቂት ሚሊሜትር ሆኖ፣ ከኮንትሮል ነጥቦቹ (ቦታቸው አስቀድሞ ከታወቀው) ጋር ግን በሳንቲሜትር እንደሚለያይ ጽፈሃል። «የርቀቶቹን ዌይት (በስሌቱ ውስጥ የሚሰጣቸውን ክብደት) ላሳንስ ወይ?» ብለሃል። እንዳትሞክረው! ይህችን ምክር እኔም ሰምቻታለሁ፣ ያውም ማኅተም ከያዘ ሰው አፍ።

ሌስት ስኩዌር የሚያክመው ራንደም ኤረርን (ወዲያና ወዲህ የሚበታተነውን ስህተት) ነው። ርቀቶችህ ሁሉ በአንድ ምጣኔ ካጠሩ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ፤ ሬዚድዋሉም ያምራል። ጉዱ የሚወጣው ከታወቀ ነጥብ ጋር ስታስረው ነው። እንግዲህ፦

1. ፕሪዝም (የማሽኑን ብርሃን የሚመልሰው መስታወት)። ሁለት ዓይነት ቀላቅለህ ከሆነ ለእያንዳንዱ ይህን አድርግ። ሜዳ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ የሚባሉ ነጥቦች በአንድ መስመር አቁም። ሀ-ለን፣ ለ-ሐን፣ ሀ-ሐን ለካ። ከሀ-ሐ ላይ የሁለቱን ድምር ስትቀንስ የሚተርፈው የኮንስታንቱ (በየርቀቱ ላይ የሚደመረው የፕሪዝሙ ቋሚ ቁጥር) እርማት ነው።

2. የአየር ግፊት። ማሽኑ ርቀትን የሚለካው በብርሃን ስለሆነ ግፊቱ ይነካዋል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ናት። እውነተኛው ግፊት 790 ሚሊባር አካባቢ ነው። የስልክህ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ግን 1,015 ምናምን ይልሃል፤ ወደ ባሕር ወለል ተመልሶ የተሰላ ነዋ። አንድ ድርጅት የሰጠኝ የአዘዞ ልኬት በዚያ ቁጥር የተሠራ ነበር። በኪሎሜትር ወደ 6 ሳንቲሜትር አጥሯል! መሣሪያው እኮ ስህተቱ 2 ሚሊሜትር ሲደመር 2 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ሁለት እጅ) ነው፤ በኪሎሜትር 4 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። ላጸድቅ የሄድኩበት ቢሮ ባለሙያ ወረቀቱን እንኳ ሳይገልጥ «አንተ ልጅ፣ ዌይቱን አሳንሰው፣ ይገጥምልሃል» አለኝ። ይገጥማላ! ርቀቶቹ አፋቸው ተይዞ ማዕዘኖቹ ብቻ ቢወስኑ ስህተቱ የት ይታያል? «ግፊቱ ነው» ብለው «እዚህ ስለ አየር ጠባይ አናወራም» ብሎ ቀጣዩን ጠራ። ወጥቼ በረንዳው ላይ ላፕቶፔን ከፈትኩ። የባሕር ወለሉንና የዩቲኤሙን (የካርታ ትንበያውን) እርማት፣ ከታች የምነግርህን፣ አስቀድሜ ሠርቼዋለሁ። ግፊቱን ብቻ በ790 ተክቼ እንደገና ሳስኬደው ቁጭ አለ። ይዤለት ስገባ ማኅተሙን መታ፣ ቀና ብሎ ግን አላየኝም። ይቅርታማ ከየት ይምጣ! ያ ድርጅት ከዚያ ወዲህ ያለ እኔ ልኬት አያስገባም፣ ይኸው ነው ካሳዬ።

የባሕር ወለሉን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ርቀቱን ወደ ባሕር ወለል ስታወርደው በእኛ ከፍታ በኪሎሜትር 33 ሳንቲሜትር ገደማ ይቀነሳል። ከጎሃ ወደ አዘዞ ቁልቁለት ስለሆነ ለየመስመሩ የራሱን አማካይ ከፍታ ውሰድ። ከዚያ የዩቲኤም ዞን 37 ስኬል (ርቀቱን ወደ ካርታው የሚያወርድ ማባዣ) አለ፣ ከተማው ላይ 0.99994 አካባቢ። ይህ ሌላ 6 ሳንቲሜትር ይቀንሳል።

3. ዌይት። ይህን ታውቀዋለህ። ብቻ ለሁሉም እኩል እንዳትሰጥ፤ በዚያ መሣሪያ የ100 ሜትሩ ርቀት ከ1 ኪሎሜትሩ ከሦስት እጥፍ በላይ ዌይት ይገባዋል።

ማሽኑ ላይ የትኛው ግፊት ተሞልቶ እንደነበር ካወቅህ እንደገና መስክ አትወጣም፤ እርማቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሠራል። ሙቀቱን ካልመዘገብክ ገምተው፣ 1 ዲግሪ ብትስት በኪሎሜትር 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ግፊቱን ግን ከቦታው ከፍታ አስላው።