ጥያቄና መልስ፦ ሚጥሚጣ የለመደ ምላስ ኮሪያ ሲገባ

ሴኡል ስኖር ስድስት ዓመት ሆነኝ። ለትምህርት መጥቼ ነው የቀረሁት። ከአገር ቤትም፣ ከዱባይም፣ ከዋሽንግተንም ለጉብኝት የሚመጣ የኛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለሚያቃጥለው ምግብ ነው። ለእያንዳንዱ ለብቻው ከምመልስ ብዬ "ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ" አልኩ። ላካችሁ። የፉከራው ብዛት ግን! እስቲ እንጀምር።

ጥያቄ፦ በርበሬና ሚጥሚጣ እየበላን ያደግን ሰዎች ነን። ኮሪያኖች "ያቃጥላል" የሚሉት እኛን ምን ያደርገናል?

መልስ፦ እኔም ልክ እንዳንተ ነበር ያልኩት፣ ወንድሜ። በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት የክፍል ጓደኞቼ ቶክቦኪ ቤት ወሰዱኝ። ቶክቦኪ ከሩዝ ዱቄት የሚሠራ፣ ጣት የሚያክል፣ ሲያኝኩት የሚለጠጥ ነገር ነው። ቀይ ስጎ ውስጥ ይቀቀላል። ቤቱ የቃጠሎ ደረጃ ያስመርጣል። "የመጨረሻውን" አልኩ። ጓደኞቼ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ "እርግጠኛ ነህ?" አለችኝ። "እኔኮ ኢትዮጵያዊ ነኝ" አልኳት።

የመጀመሪያው ጉርሻ ጣፋጭ ነበር። ሁለተኛውም። "ይቺ ናት?" ብዬ ሳቅሁ። አምስተኛው ላይ ስቅታ ያዘኝ። ቀጥሎ ጆሮዬ ጮኸ። እንባዬና ንፍጤ ተቀላቀለ። አስተናጋጇ ሳልጠይቃት ቀዝቃዛ ጭማቂ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። ሂሳቡን ማን እንደከፈለ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በወረቀት ካየነው የምናሸንፈው እኛ ነን። የቃሪያ ቃጠሎ የሚለካው በስኮቪል ነው፤ ዊልበር ስኮቪል የተባለ አሜሪካዊ የመድኃኒት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1912 ያወጣው መለኪያ ነው። ያ ዝነኛው የኮሪያ ቡልዳክ ኢንዶሚ ወደ 4,400 ስኮቪል ገደማ ነው። ሚጥሚጣ የሚሠራበት ደቃቁ በርበሬ ግን በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። ታዲያ ለምን ተሸነፍኩ? ሚጥሚጣን በቁንጥጫ ነዋ የምንነካው። ክትፎው ላይ ትነሰንሳለህ፣ ቅቤ አለበት፣ አይብ አጠገቡ አለ፣ በእንጀራ ትጠቀልለዋለህ። እዚህ ቀዩ ስጎ ራሱ ምግቡ ነው፤ ሳህን ሙሉ ትበላዋለህ። ከዚያ ደግሞ ስኳሩ አለ። ጣፋጩ ቀድሞ ይመጣና ያዘናጋሃል፣ ቃጠሎው ኋላ ይደርሳል። በዚያ መሃል አራት ጉርሻ ውጠሃል።

ጥያቄ፦ ቅመሙ ከኛ በርበሬ በምን ይለያል? ቀለሙ አንድ ነው የሚመስለው።

መልስ፦ የኛ በርበሬ ብቻውን አይደለም። ኮረሪማው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው አብሮ ተፈጭቷል። የነሱ ጎቹጋሩ ግን በርበሬ ብቻ ነው። ፍሬው አብዛኛውን ጊዜ ይወጣለታል፣ ደርቆ ሸርከት ተደርጎ ይፈጫል። ኪምቺ የሚባለው የቦካ ጎመናቸው የሚቀላው በእሱ ነው። ጎቹጃንግ ደግሞ ሊጥ የመሰለ ነው፦ የበርበሬ ዱቄት፣ የሚያጣብቅ ሩዝ፣ የቦካ አኩሪ አተርና ጨው አንድ ላይ ተደርጎ በእንስራ ለወራት ይብላላል። አዋዜን አስበው፣ ግን ወፍራምና ጣፈጥ ያለ።

ለእናቴ የትኛውን ይዤ ልሂድ ላልሽው እህት፦ ጎቹጋሩውን ውሰጂላት። እኔ ለእናቴ ጎቹጃንጉን ይዤላት ሄጄ "ይሄ ማርመላታ ነው በርበሬ?" ብላኛለች።

ጥያቄ፦ ሲያቃጥለኝ ውኃ እጠጣለሁ፣ ይባስ ይለበልበኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የሚያቃጥለው ነገር ካፕሳይሲን ይባላል። ከውኃ ጋር አይስማማም፣ ከቅባት ጋር ነው የሚሄደው። ውኃ ሲጠጡ አፍ ውስጥ ያዞረዋል እንጂ አያጥበውም። ወተት ግን ውስጡ ያለው ፕሮቲን ይይዘዋል። ክትፎ አጠገብ አይብ ያስቀመጡት ሰዎች ላቦራቶሪ አልነበራቸውም፣ ግን ገብቷቸዋል።

ሌላም ነገር አለ። ካፕሳይሲን የሚነካው ነርቭ የእሳትን ሙቀት የሚያውቀው ያው ነርቭ ነው። ዴቪድ ጁሊየስ የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ የሆነው ይህንን በማግኘቱ ነው። ስለዚህ አንጎልህ በእውነት የተቃጠልክ ነው የሚመስለው። አሁን የኮሪያን ሾርባ አስብ። በድንጋይ በሚመስል የሸክላ ድስት፣ ጠረጴዛህ ላይ እየተንተከተከ ነው የሚቀርበው። በርበሬውና ትኩሳቱ አንድ በር ላይ ይረባረባሉ። ቆይ፣ ይብረድ። እነሱ ግን ፉት ብለው "ሺዎናዳ" ይላሉ፣ "ቀዝቀዝ አደረገኝ" እንደማለት ነው። ይህ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ምግብ ቤቶቹም መላ አላቸው። "ከራንጂም" የሚባል በእንፋሎት የበሰለ ለስላሳ እንቁላል፣ "ጁሞክባፕ" የሚባል በእጅ የተድቦለቦለ ሩዝ፣ ቢጫ የኮመጠጠ ፍጅል። ከቀዩ ምግብ ጋር አብራችሁ እዘዙ። ከተቃጠላችሁ በኋላ ብታዝዙ እንቁላሉ እስኪደርስ ታለቅሳላችሁ።

ጥያቄ፦ ዴንማርክ ቡልዳክን አገደችው የሚባለው እውነት ነው ወይስ ወሬ?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ግን ተጋኗል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 የዴንማርክ የምግብ ባለሥልጣን ሦስት ዓይነቱን፣ በጣም የሚያቃጥሉትን፣ ካፕሳይሲናቸው በዝቷል፣ በተለይ ሕፃናትን ሊጎዳ ይችላል ብሎ ከገበያ አስነሳ። በቀጣዩ ወር ሁለቱን መልሶ ፈቀደ። ተራው ቡልዳክ አልተነካም ነበር። ስሙ "እሳት ዶሮ" ማለት ነው፤ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

ሴኡል ስትመጡ ምግብ ቤት አትፈልጉለት። በየመንገዱ ያለው ትንሽ ሱቅ ውስጥ የፈላ ውኃ አለ፣ ማይክሮዌቭ አለ፣ መቀመጫም አለ። ኑድሉን አብስላችሁ ውኃውን ድፉት፣ ትንሽ ብቻ አስቀሩ፤ ስጎውን ከዚያ ጨምሩ። ልጆቹ ላዩ ላይ የሞዛሬላ ቺዝ ቀዳደው ያቀልጡበታል፣ የሙዝ ወተት አጠገባቸው ያስቀምጣሉ። እነሱን መምሰል ነው። ስጎውን ግማሹን ብቻ ብትጨምሩ ደግሞ ማንም አያያችሁም።

ጥያቄ፦ የምመጣው በዐቢይ ጾም ነው። የሚያቃጥል የጾም ምግብ አገኛለሁ?

መልስ፦ ከቃጠሎው ይልቅ ይህ ነው የሚያስቸግረው። ቀይ ሆኖ አትክልት ብቻ የሚመስል ነገር ብዙ ጊዜ አይደለም። ኪምቺው ውስጥ የዓሣ ስጎ ወይም ጨው የተነሰነሰበት ትንንሽ ሽሪምፕ አለ። የቶክቦኪው መረቅ ከደረቀ ዓሣ ነው የሚወጣው፣ ላዩ ላይም የዓሣ ሊጥ ይቆራረጥበታል። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልጀምርም። ለአንቺ የሚሻልሽ ቢቢምባፕ ነው፦ ሩዝ፣ አትክልት፣ ላዩ ላይ ጎቹጃንግ። "ኮጊ ፔጁሴዮ፣ ከራን ፔጁሴዮ" በያቸው፣ ሥጋውንና እንቁላሉን አውጡልኝ ማለት ነው። ጎቹጃንጉ ለብቻው ከቀረበ ቃጠሎው በእጅሽ ነው። አንዳንድ ቤት ግን ጎቹጃንጉን ከተፈጨ ሥጋ ጋር ስለሚጠብሰው ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ሙስሊም ነኝ። ምኑን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ቀይ የሆነ ሥጋ ጥብስ "ጄዩክ" ከተባለ አሳማ ነው። የኪምቺ ወጥ ውስጥም አሳማ በብዛት ይገባል። "ቡዴ ጂጌ" የሚባለው ወጥ ቋሊማና የቆርቆሮ ሥጋ አለበት። ኢቴዎን ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተው የሴኡል ማዕከላዊ መስጊድ አካባቢ፣ ሐላል የኮሪያ ምግብ ይገኛል። ጎቹጃንግ ስትገዛም ማሸጊያውን እይ። አንዳንዱ እንዳይበላሽ አልኮል ይጨመርበታል።

ጥያቄ፦ ጨጓራ አለብኝ።

መልስ፦ እንግዲያው አትሞክረው። ጉዞህን ሆቴል አልጋ ላይ ልትጨርሰው ነው። "ሳምጌታንግ" እዘዝ፣ ሩዝ የተሞላ ዶሮ በነጭ መረቅ ነው፣ አያቃጥልም። ጨጓራ የሌለብንም ብንሆን ባዶ ሆድ ላይ አይሞከርም። በማግስቱ ጠዋት ረጅም የአውቶቡስ ጉዞ ካለባችሁም ማታውን ተዉት፤ ሲገባ ያቃጠለ ሲወጣም ያቃጥላል። ከዚህ በላይ አላብራራም።

ጥያቄ፦ ጠረጴዛ ላይ አረንጓዴ ቃሪያ ያስቀምጣሉ። እንደ ቤታችን መግመጥ ነው?

መልስ፦ ቆይ! ሁለት ዓይነት ነው። ረዘም፣ ወፈር፣ ፈዘዝ ያለው "የኪያር ቃሪያ" ይባላል፣ እንደ ስሙ ውኃ ነው። ቀጠን፣ አጠር፣ ጠቆር ያለው "ቾንግያንግ" ነው፣ እሱ አይቀልድም። ከጫፉ ትንሽ ቅመስ። እጅህን ሳትታጠብ ዓይንህን አትንካ፣ የዓይን ሌንስ የምታደርጉ በተለይ።

ጥያቄ፦ "አታቃጥሉብኝ" እንዴት ይባላል?

መልስ፦ "ዶል ሜፕከ ሄጁሴዮ"፣ ቃጠሎውን ቀንሱልኝ ነው። የውጭ ሰው መሆንህን አይተው ራሳቸው "ሜዎዮ!" ካሉህ "ያቃጥላል" እያሉህ ነው። ሲነግሩህ ስማ።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ነው የምመጣው፣ ጊዜዬም ሁለት ቀን ነው። አንድ ምግብ ብቻ ብትመርጥልኝ?

መልስ፦ ዳክጋልቢ። ግን ሴኡል አይደለም፣ ቹንቾን ሂድና ብላው። ባቡሩ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። የምግቡ አገር እዚያ ነው፣ ከተማው መሃል ሌላ የማይሸጥበት መንገድ አለ። በጎቹጃንግ የታሸ ዶሮ፣ ጥቅል ጎመን፣ ስኳር ድንችና የሩዝ ሊጥ ትልቅ የብረት ምጣድ ላይ ፊትህ ይጠበሳል። ያቃጥላል፣ ግን የሚቻል ቃጠሎ ነው፣ አይገድልም። ሲያልቅ አትነሳ። የቀረው ስጎ ላይ ሩዝ ጨምረው እንደ ፍርፍር ያገላብጡልሃል። ከታች የሚይዘውን በማንኪያ ፍቀህ ብላው። ለኔ ከዶሮው እሱ ይበልጣል።

አንድ ችግር አለው፦ ብዙ ቤት ከሁለት ሰው በታች አያስተናግድም። ወይ ሰው ፈልግ፣ ወይ የሁለት ሰው ከፍለህ ብላ። እኔ ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ።

ቹንቾን ከደረስክ ደግሞ ወደ ወንዙ ዳር ውረድ። በኮሪያ ጦርነት የተዋጉት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች መታሰቢያ እዚያ ነው። ሐውልቱ ሲመረቅ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1968፣ ጃንሆይ ራሳቸው መጥተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የመታሰቢያ አዳራሽ ጣሪያው የጎጆ ቅርጽ ነው፣ ከሩቅ ታውቀዋለህ። ከመንገዱ ማዶ በዚያው በ1968 የተከፈተ "የኢትዮጵያ ቤት" የሚባል ቡና ቤት አለ፣ ዛሬም ይሠራል። የተቃጠለ አፍህን ይዘህ ግባ፣ ቡናው ግን ትኩስ ስለሆነ ትንሽ አብርደው። ነጭ ሸሚዝም አትልበስ፤ ዳክጋልቢ ቤት ሽርጥ ይሰጡሃል፣ ስጎው ግን ከሽርጡ በላይ ነው የሚፈናጠረው።