የቆየ የስፔን ቀይ ወይን ቀለሙ ጡብ ቢመስል ተበላሽቷል ማለት አይደለም

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ከስፔን ከመጡልሽ ሁለት ጠርሙስ ቪኛ ቶንዶኒያ ሬሴርቫ 2012 አንዱን ስትከፍቱት ቡሹ ተፈረፈረ፣ ወይኑ ሳስቶ ጡብ መሰለ፣ ከታችም ዝቃጭ ወጣ። «ሁለተኛውን ለአባባ ልደት ላቅርበው ወይስ ለወጥ ላድርገው?» ነው ያልሽው። እባክሽ ወጥ ውስጥ እንዳትጨምሪው! ወይኑ ደህና ነው፤ የተበደለው በአቀማመጥና በአከፋፈት ነው።

1. መጀመሪያ ቀለሙ። ይህን ወይን የሚሠራው ሎፔዝ ዴ ኤሬዲያ ይባላል፤ በሰሜን ስፔን በሪዮሃ፣ አሮ ከተማ ከ1877 ጀምሮ ያለ የቤተሰብ ድርጅት ነው። በሪዮሃ ደንብ አንድ ቀይ ወይን «ሬሴርቫ» ለመባል ሦስት ዓመት መቆየት አለበት፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ አንዱ ዓመት በኦክ እንጨት በርሜል መሆን አለበት። እነዚህ ሰዎች ግን ቶንዶኒያ ሬሴርቫን ስድስት ዓመት ያህል በርሜል ውስጥ ያቆዩታል፣ ከዚያም በጠርሙስ ያሳርፉታል። በርሜሉ 225 ሊትር የሚይዝ የአሜሪካ ኦክ ነው፤ የሚሠራውም በራሳቸው በርሜል መሥሪያ ነው። ወይኑ በየጊዜው ከበርሜል ወደ በርሜል ይገለበጣል፣ በእንቁላል ነጭ ይጠልላል፣ በማጣሪያ ሳያልፍ ይታሸጋል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ቀለሙና ታኒኑ (አፍ የሚያደርቀው የወይን ንጥረ ነገር) እየተያያዙ ይከብዱና ወደ ታች ይወርዳሉ። ቀለሙ የሳሳውም ዝቃጭ ያገኘሽውም በዚሁ ነው። ብዙዎች በርሜል ውስጥ የሚያቆዩበትን ጊዜ ሲያሳጥሩ ይህ ቤት የአያቶቹን አሠራር አለመተዉ ሊመሰገን ይገባዋል። ወይን ሻጭ ሆኖ ጡብ መሳይ ቀለም ሲያይ «ሞቷል» የሚል ሰው ያናድደኛል፤ ሸማቹን ጥሩ ጠርሙስ ያስደፋዋል።

ደግሞ 2012 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ወይኑ የተለቀመው በእኛ በ2005 መባቻ አካባቢ ነው፤ ቤተሰቡ ዕድሜውን እንዳያሳንሰው ንገሪያቸው።

መበላሸቱን የሚነግርሽ አፍንጫሽ ነው። እርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት ከሸተተ ቡሹ በክሎታል፤ ማናፈስ አያድነውም። ኮምጣጤ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሸተተም አለቀለት። የደረቀ ፍሬ፣ ቆዳ፣ ትምባሆ፣ ቫኒላ ከሸተተሽ ግን ትክክለኛው ነው። ሳትከፍቺውም ከፍታውን እዪ፦ ወይኑ አንገቱ ላይ ካለ ጥሩ፣ ከትከሻው በታች ከወረደ ግን ያጠራጥራል።

2. አቀማመጥ። አብዛኛው ቤት እንዲህ ያለ ጠርሙስ ሲመጣለት ሳሎን ቡፌ ውስጥ ለጌጥ ያቆመዋል። ጥፋቱ ይኼ ነው። ለወራት የቆመ ጠርሙስ ቡሹ ይደርቃል፣ አየር ያስገባል፣ ሲነካ ይፈረፈራል፤ የመጀመሪያው ጠርሙስሽም ይህ ሳይደርስበት አልቀረም። ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ላይ አጋድመሽ አስቀምጪው። ፍሪጅ አናት ላይ ግን በፍጹም፤ ሙቀቱም ንዝረቱም ይጎዳዋል። ከልደቱ ሁለት ቀን ሲቀረው አቁሚውና ዝቃጩ ይስፈር፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያንቀሳቅሰው።

3. ቡሹ። ክንፍ ያለውን መክፈቻ ተዪው፤ ወፍራሙ ብረት የደከመ ቡሽን መሃሉን ይቦረቡረዋል። ሁለት ቀጭን ምላስ ያለው መክፈቻ ፈልጊ። የጠርሙሱን አፍ ሽፋን ከከንፈሩ በታች ቆርጠሽ አንሺ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ። ረጅሙን ምላስ በቡሹና በመስታወቱ መካከል አስገቢ፣ ከዚያ አጭሩን። ግራና ቀኝ እያወዛወዝሽ እጀታው ቡሹ ላይ እስኪደርስ ግፊው፤ ቀጥሎ እያዞርሽ ሳብ። አትቸኩዪ። ቡሹ ገና ሲነካ ወደ ውስጥ የሚሄድ ከሆነ ግን ይህ መክፈቻ ይከተዋል፤ ያን ጊዜ ቀጭን ጠመዝማዛ መክፈቻ በዝግታ ተጠቀሚ። ግማሹ ከተሰበረ ጠመዝማዛውን አጋድመሽ አስገቢና ወደ ጎን እየደገፍሽ አውጪው። ውስጥ ከወደቀም ምንም አይደለም፤ ሳሙና ያልሸተተው ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ በውኃ አለቅልቀሽ በእሱ አጥልይው።

ከዚያ ወደ ንጹሕ የመስታወት ማንቆርቆሪያ መገልበጥ ነው። የስልክሽን መብራት ከጠርሙሱ አንገት በታች አብሪ፣ በአንድ እጅ ሳታቋርጪ በቀስታ ቅጂ። ጠርሙሱን መልሰሽ ካቆምሽው የሰፈረው ሁሉ ይነሣል። ጥቁር ክር የመሰለ ነገር ወደ አንገቱ ሲቀርብ አቁሚ። ጠርሙሱ ውስጥ የሚቀረውን ጥቂት ወይን አትሳሺለት፤ ለእሱ ስትይ ሌላውን ታደፈርሺዋለሽ።

መቼ ይከፈት ላልሽው፣ ለዚህ ዕድሜ ከምሳው አንድ ሰዓት በፊት ይበቃል። ጠዋት ከፍቶ እስከ ማታ ማናፈስ ለወጣት፣ ታኒኑ ለበረታ ወይን ነው፤ የቆየው መዓዛው ይበንበታል። ሃያ ሠላሳ ዓመት የሞላው ግራን ሬሴርቫ (ከሬሴርቫ በላይ የሚቆየው ደረጃ) ቢሆን ኖሮ ልክ ሲቀዳ ክፈቺው እልሽ ነበር።

ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። ሳሎኑ ከሞቀ ማንቆርቆሪያውን ሃያ ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አቆይው፤ ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል። 750 ሚሊ ሊትሩ ለስድስት ሰው ይዳረሳል፤ ብርጭቆውን ከሲሶ በላይ አትሙይ።

ምግቡ የበግ ሥጋ ይሁን። ሪዮሃዎች የበግ ጎድን በወይን ግንድ ጭራሮ እሳት ጠብሰው ነው የሚያቀርቡት፤ ለእኛ ማዕድ አዋዜ ያልነካው የበግ ጥብስ ወይም አልጫ ይስማማዋል። ዶሮ ወጡ ከጠጁ ጋር ይቅረብ፤ በርበሬ ሲነካው አልኮሉ ያቃጥላል፣ በስንት ዓመት የመጣው መዓዛም ይጠፋል። ከተረፈ በትንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልተሽ ክደኚና ፍሪጅ አስገቢው፤ በማግስቱ ይጠጣል።